አራት ወረቀት ካንድ ቤት

ግንቦት 29
ትናንት ሩዙን ዘርተን ጨረስን። ወገቤ! ዛሬ ከቅዳሴ በኋላ መምህርት መስከረም ስለ ምርጫው አስረዳችን። ቀኑ አንድ፣ ወረቀቱ ግን ሁለት ነው አለች። አንዱ አዲስ አበባ ላለው ምክር ቤት፣ አንዱ ለክልሉ፣ ለባሕር ዳሩ።
ባሌ አዛናው ደስ ብሎት ተመለሰ። "ሁለት ከሆነማ ተገላገልን። አንዱ የኔ፣ አንዱ ያንቺ። እኔ አስገባዋለሁ፣ አንቺ ከብት ትጠብቂያለሽ።"
እንዴ! ካርዴን ተሰልፌ ያወጣሁት ለጌጥ ነው?

ሰኔ 2
መስከረምን ጠየቅኳት። "ለእያንዳንዱ ሰው ሁለት ሁለት ነው እናቴ" አለችኝ። ለአዛናው ነገርኩት።
"ካንድ ቤት አራት ወረቀት? ኧረ ይኼስ ስስት ነው!"
ስለ ስስት የሚያወራው ማን ሆኖ ነው...

ሰኔ 8
ሩዙ በቅሏል። ከብቱ እንዳይግጠው አንድ ሰው የግድ መቅረት አለበት። ዛሬም ተነታረክን። "በሁለት ቀን ቢያደርጉት ምን ነበረበት? አንዱን ቀን እኔ፣ አንዱን ቀን አንቺ" ይላል። እኔ ግን ባንድ ቀን መሆኑን ወድጄዋለሁ። በሁለት ቀን ቢሆንማ ግማሹን ሰጥቶ ዝም ያሰኘኝ ነበር። ደሞስ በዚህ ጭቃ ማን ሁለቴ ይመላለሳል?
በመጨረሻ ተስማማን። እሱ በጧት ሄዶ ሦስት ሰዓት ላይ ይመለሳል፣ ከዚያ እኔ። ይመለስ ይሆን?

ሰኔ 14
ሦስት ሰዓት ሆነ፣ የለም። አምስት ሰዓት... የለም። አንጀቴ አረረ። ሆን ብሎ ነው? ከብቱን በሙሉ እየነዳሁ ምርጫ ጣቢያው ድረስ ሄድኩ። ጭቃው እስከ ጉልበቴ። ሰው ሁሉ ሳቀ። ይሳቅ!
አዛናው ውስጥ አግዳሚ ወንበር ላይ ቁጭ ብሏል። አንዱን ወረቀት አስገብቶ ሁለተኛውን፣ ምንም ምልክት ያላደረገበትን፣ ደረቱ ላይ አጥፎ ይዟል። ወደ ቤት ሊያመጣልኝ ነበር። ይዞ መውጣት አይቻልም ሲሉት ተቀመጠ።
"አባቴ፣ እባክዎ ያስገቡት" ትለዋለች እዚያ አስመራጭ የሆነችው መስከረም።
"የሚስቴ ነው አልኩሽ! ሳትመጣ ንቅንቅ አልልም።"
ለካ ድርሻዬን እየጠበቀልኝ ነው! ልቆጣው መጥቼ ሆዴ ባባ።
"እሱም ያንተው ነው አዛናው። ለኔ ሌላ ሁለት ይሰጡኛል።"
መስከረምን አያት። "እውነቷን ነው?" በአዎንታ ራሷን ነቀነቀች። ምልክቱን አድርጎ አስገባና ከብቱን ሊይዝልኝ ወጣ።
ሁለቱንም ወረቀት በየኮሮጆው ከተትኩ። ደስ አለኝ፣ በጣም ደስ አለኝ።

ሰኔ 19
"ማንን መረጥሽ?" ይለኛል አዛናው። ምስጢር ነው አልኩት። ቁርስ ላይ ጠየቀ። ማሳው ውስጥ ጠየቀ። "እሺ የአዲስ አበባውን ብቻ ንገሪኝ፣ የክልሉ ይቅር።" ሳቄ አመለጠኝ።
ሠላሳ ዓመት አብረን ስንኖር ምን እንደማስብ ጠይቆኝ አያውቅም። ይኸው አሁን በቀን ሦስቴ ይጠይቃል።
ገና አልነግረውም።