ነፋስ የሌለበት ቤት

ሲያትል፣ ሰኔ 8 ቀን 1989 ዓ.ም.

ለውድ አባቴ ለአቶ ኑሩ፣
ደሴ

አባባ፣ እንዴት ከረሙ? የአላህ ሰላም በእርስዎና በቤቱ ሰው ሁሉ ላይ ይሁን። እኔ አልሐምዱሊላህ ጤነኛ ነኝ። በመጋቢት የላኩልኝ ደብዳቤ ደርሶኛል። እስከ ዛሬ ያልመለስኩት ጊዜ አጥቼ አይደለም። «ያቺ ስለ ነፋስ የተናገረችው ልጅ የት ደረሰች? ግሪንሃውሳችሁስ?» ብለው ስለ ጠየቁኝ ነው። ብዕር ባነሳሁ ቁጥር እዚያች ጥያቄ ላይ እደርስና አስቀምጠዋለሁ። ዛሬ ግን ትምህርት ሊዘጋ ሦስት ቀን ነው የቀረው፣ የምሸሸግበት ሥራም የለኝ፣ ልንገርዎ።

እርስዎ ተማሪዎችዎን ከክፍል አውጥተው መደብ ሲያስቆፍሩ፣ ዲሬክተሩ «አስተምር እንጂ አታሳርስ» ይልዎት እንደነበር ሲያጫውቱን አስታውሳለሁ። እዚህ የምሠራበት ትምህርት ቤት ቢያዩ ኖሮ ደስ ይልዎት ነበር። ከኳስ ሜዳው ጀርባ፣ ግድግዳውም ጣሪያውም መስታወት የሆነ የተክል ቤት፣ ያ ግሪንሃውስ፣ ነበረን። ሚስስ ሃልቨርሰን የሚባሉት መምህርት እንግሊዝኛ ገና ያልገባቸውን ልጆች እዚያ ነበር የሚያስተምሩት። ልጆቹ የቲማቲሙን ግንድ በማስመሪያ እየለኩ ሂሳብ ይማራሉ፣ ቅጠል እየገለበጡ ባዮሎጂ ይማራሉ። የእኔ ሥራ ረዳትነት ነው፤ አስተረጉማለሁ፣ ውሃ አጠጣለሁ፣ ቁልፍ እይዛለሁ።

ያቺ የጠየቁኝ ልጅ፣ ሰምሃል፣ የዛሬ ዓመት ተኩል ነው የመጣችው። ወላጆቿ ኤርትራውያን ናቸው፣ ያደገችው ግን አዲስ አበባ ነው። እናቷ ስትሞት ከሲያትል ወጣ ብሎ ሬንተን የምትኖረው አክስቷ ኣስካለ አስመጣቻት። አሥራ ስድስት ዓመቷ ነበር። ለአምስት ወር በየትኛውም ቋንቋ አንድ ቃል ከአፏ አልወጣም። በፋይሏ ላይ «አእምሮዋ ዘገምተኛ ሳይሆን አይቀርም» ብለው ጽፈውባት አንብቤያለሁ።

ያን ቀን ሚስስ ሃልቨርሰን የረገፉ የቲማቲም አበቦች በመዳፋቸው ይዘው «ለምን ይመስላችኋል ፍሬ ሳይዝ የሚረግፈው?» አሉ። ከኋላዬ በቀስታ፣ በአማርኛ፣ «ነፋስ የለማ» የሚል ድምፅ ሰማሁ። ዞር ስል ሰምሃል ናት። ስተረጉምላቸው ሴትዮዋ ሳቁና የኤሌክትሪክ ጥርስ ብሩሽ አምጥተው እጇ ላይ አኖሩት። ብሩሹን ከአበባው ሥር ሲያስጠጉት አበባው ይንቀጠቀጣል፣ ዱቄቱም ረግፎ ፍሬ ይይዛል። በሳምንቱ ለክፍሉ ሁሉ በእንግሊዝኛ «ኖ ዊንድ፣ ሶ ዊ ሼክ» ብላ፣ ነፋስ ስለሌለ እኛ እንነቀንቀዋለን ብላ አስረዳች። ያኔ ነበር ለእርስዎ የጻፍኩልዎት።

ዘንድሮ መስከረም ላይ የራሷን ሙከራ ጀመረች። ሃያ አራት የበርበሬ ተክሎች፣ ግማሾቹ ተጨማሪ መብራት የበራላቸው፣ ግማሾቹ ያልበራላቸው። በየቀኑ እየለካች በደብተር ትመዘግባለች። ሚስስ ሃልቨርሰን አንድ የሁለት ዓመት ኮሌጅ አነጋገሩላት፤ ሙከራውን እስከ ግንቦት ጨርሳ ካቀረበች፣ በሚቀጥለው ዓመት በእነሱ ግሪንሃውስ ውስጥ እየሠራች እንድትማር ሊቀበሏት ቃል ገቡ። አክስቷ ኣስካለ እንኳን ኮል አድርጋ «ቢልቂስዬ፣ ይቺ ልጅ እራት ላይ ስለ ቅጠል ማውራት አላቆመችም እኮ» አለችኝ።

ለፈረንጆቹ ገና እረፍት ትምህርት ቤቱ ሊዘጋ ሲል ከቢሮ ወረቀት መጣ፤ ሁለት ሳምንት ሙሉ ማሞቂያው ዝቅ እንዲል ያዛል። ሚስስ ሃልቨርሰን ወረቀቱን አጣጥፈው ኪሳቸው ከተቱት። «ቢልቂስ፣ አትንኪው። በረዶ ቢጥል ጣሪያውን የሚያድነው ሙቀቱ ነው። ለቢሮው እኔ እመልሳለሁ» አሉኝና ካሊፎርኒያ ልጃቸው ዘንድ ሄዱ።

አባባ፣ የእኔ ቅጥር በየዓመቱ የሚታደስ ነው፤ የሚያድሰውም ያው ቢሮ ነው። ልጆቹ ሁሉ የወጡ መስሎኝ ማሞቂያው ፊት ለፊት ብዙ ቆምኩ። ከዚያ ዝቅ አደረግኩት። ማንም አልገፋኝም፣ ማንም አልተቆጣኝም። ፈርቼ ነው። ይህን እስከ ዛሬ ለማንም አልነገርኩም።

በገና ማግስት፣ ሐሙስ፣ እዚህ አገር ብዙ ያልተለመደ በረዶ ጣለ። አውቶቡስ ቆመ፣ የካፒቶል ሂል ዳገት መኪና የማያስወጣ ሆነ። ዓርብ ጠዋት ሰምሃል ደወለች።

«ቲቸር፣ ቁልፉ አንቺ ጋ ነው አይደል? ሄደን እንጥረገው።»

«በምን እንሄዳለን? አውቶብስ የለም እኮ።»

«በእግር።»

«ሰምሃልዬ፣ መስታወቱ ወፍራም ነው፣ ምንም አይሆንም። ሰኞ እናየዋለን።»

«ኦኬ» አለችና ዘጋች።

እሑድ ዝናብ መጣ። በረዶው ውሃውን እየጠጣ እንደሚከብድ ሳስብ መቀመጥ አቃተኝ። ታክሲ የሚነዳው ጎረቤቴ በዛብህ ጎማው ላይ ሰንሰለት አሥሮ ወሰደኝ። ስንደርስ ሰምሃል ከአጥሩ ውጭ ቆማለች። የለበሰችው ሸራ ጫማ በስብሷል፣ መጥረጊያ ይዛለች። ከሬንተን ድረስ በእግሯ መጥታ በሩ ተቆልፎባት ነበር።

«አሁን ነው የወደቀው» አለችኝ። «ከመሃል ጀመረ። ቆሜ እያየሁት።»

ቁልፉ ኪሴ ውስጥ ነበር። ከፍተን ስንገባ የሚነሣ ነገር አልነበረም። ከሃያ አራቱ ሦስት በርበሬዎች ከጠረጴዛ ሥር ተርፈው አገኘን። በዛብህ በጃኬቱ ጠቅልሎ መኪናው ውስጥ አስገባልን። እነሱም ሳምንት ሳይቆዩ ጠቆሩ።

የካቲት ላይ የትምህርት ቦርዱ ስብሰባ ጠራ። ግሪንሃውሱ እንደገና ይሠራ ወይስ ይቅር የሚለውን ሊወስኑ ነው። ሚስስ ሃልቨርሰን ሰምሃል እንድትናገር አዘጋጇት። ሦስት ደቂቃ ተሰጣት። ወረቀቷን ይዛ ቆመች፣ ጥሩ አድርጋም ጀመረች፤ ስለ ነፋሱ፣ ስለ ብሩሹ ተናገረች። ሰዎቹ ፈገግ ማለት ጀምረው ነበር። ከዚያ አንዱ አቋረጣትና «ያን ሳምንት ማሞቂያው እንደ ወትሮው ይሠራ ነበር?» ብሎ ጠየቃት። እኔ ጎኗ ነበርኩ። አየችኝ። ከዚያ አፏ ተዘጋ። የቀረውን ደቂቃ ሁሉ ቆማ ወለሉን ስታይ ደወሉ ተደወለ። እኔም ዝም አልኩ፣ አባባ። ሰውየው «ሕንፃው አርጅቷል» ብሎ ጻፈ፤ በቦታው ላይ ሁለት ተገጣጣሚ ክፍሎች እንዲቆሙ ወሰኑ። አሁን ቆመዋል። ልጆቹ ቲማቲምን በመጽሐፍ ላይ በሥዕል ያዩታል። ሚስስ ሃልቨርሰን ጡረታ ወጡ።

ሰምሃል ወደ ዝምታዋ ተመለሰች፣ ሚያዝያ ላይ ጭራሽ ቀረች። ባለፈው ሳምንት ሬንተን ቤታቸው ሄድኩ። ኤርፖርቱ አጠገብ ባለ ሆቴል አንሶላ ታጥባለች። እጇ በሳሙናው ቆስሏል።

«ኮሌጁን እኔ ላናግርልሽ» አልኳት። «ሌላ ትምህርት ቤት ግሪንሃውስ አለ፣ ሾርላይን በኩል። እኔ እወስድሻለሁ።»

«ተይው ቲቸር። ደክሞኛል።»

«ያን ቀን ስብሰባው ላይ ምን ሆነሽ ነው?»

እጇን እያየች መለሰችልኝ። «ሂተሩን ስትቀንሺው አይቼሻለሁ። ደብተሬን ረስቼ ተመልሼ ነበር። ያ ሰውዬ ሲጠይቀኝ መዋሸት አልቻልኩም። እውነቱን ብናገር ደግሞ ከሥራ ያስወጡሻል። ሶ ዝም አልኩ።»

ከቢሮ ወረቀት መምጣቱን አታውቅም ነበር። «ይቅር በይኝ» አልኳት። «ኦኬ ነው» አለችኝ፤ ከዚያ ፈረቃዬ ደረሰ ብላ ልብሷን ልትቀይር ገባች። ኣስካለ በር ድረስ ሸኘችኝና ምንም ሳታውቅ «አላህ ይስጥሽ፣ አንቺ ብቻ ነሽ የጠየቅሻት» ብላ ሳመችኝ። በእሷ ሃይማኖት ሳይሆን በእኔ መረቀችኝ።

ቢሮው ደግሞ ቅጥሬን አላደሰውም። ግሪንሃውስ ከሌለ የግሪንሃውስ ረዳት አያስፈልግም፤ እውነታቸውን ነው።

እርስዎ ተማሪ ከነገሩት ይልቅ የነካው በልቡ ይቀራል ብለው ነበር የሚያስተምሩት። ልጆቹ እንግዲህ ምን እንደነኩ፣ ምን በልባቸው እንደቀረ አላውቅም። እንዲፈርዱብኝ እንጂ እንዲያጽናኑኝ አልጻፍኩም። ስለ እኔ አይጨነቁ፣ ሥራ አላጣም። መድኃኒትዎን በሰዓቱ ይውሰዱ። የደብዳቤዎ ጽሕፈትም እንዴት አምሯል! አላህ ዕድሜዎን ያርዝምልኝ፣ ጉልበትዎን ያጽናልኝ፣ ከክፉ ዓይን ይሰውርዎ። ጉልበትዎን ስሜያለሁ።

ልጅዎ ቢልቂስ

ይህን ደብዳቤ ለአባቴ ለሚያነቡላቸው ሰው፦

ይህችን ቁራጭ ወረቀት እባክዎ ጮክ ብለው አያንብቡ። ማን እንደሆኑ አላወቅሁም፤ የመጋቢቱን ደብዳቤ የጻፉት እርስዎ እንደሆኑ ግን ጽሕፈቱ ነግሮኛል። የአባቴ የነበረው ፊርማው ብቻ ነው፣ እሱም ከወረቀቱ ጠርዝ አልፎ ወጥቷል። አባቴ ማየት ካቆሙ ስንት ጊዜ ሆናቸው? ፀሐይና ጥላስ ይለያሉ? እውነቱን ለብቻዬ ይጻፉልኝ። የመኖሪያ ወረቀቴ ገና አልተወሰነም፤ አሁን ከዚህ ከወጣሁ መግቢያ የለኝም፣ እዚያም በሰላም የምገባ አይመስለኝም። መምጣት አልችልም። ከጠየቁዎት ግን፣ ለዓረፋ እመጣለሁ ብላለች ይበሉልኝ።