አምስት ከስንት?

ማክሰኞ

ምድር ተንቀጠቀጠች። ምሳ ልናቀርብ ስንል ብርጭቆዎቹ ተንጫጩ፣ አምፖሉ ተወዛወዘ፣ ከኮርኒሱ አቧራ ዘነበብን። እናቴ ሆዴን በሁለት እጇ ደግፋ ወደ ደጅ አወጣችኝ። ነጠላዋን እንኳ አላነሳችም። ባሌም ከሚሠራበት ፋብሪካ እየሮጠ መጣ።

የደረሰብን ጉዳት፦ አንድ ብርጭቆ፣ ከአልጋዬ በላይ የልስን ስንጥቅ፣ የእናቴ እንቅልፍ።

እርግዝናዬ ዘጠነኛ ወሩን ይዟል። እናቴ ከእንፍራንዝ የመጣችው ልትወስደኝ ነው። በእኛ ዘንድ የመጀመሪያ ልጅ በእናት ቤት ይወለዳል። አሁንማ ባሕር ዳር አታድሪም ብላኛለች።

ረቡዕ

ሬዲዮው ተናገረ። መጠኑ አምስት፣ ጥልቀቱ አስር ኪሎ ሜትር፣ ቦታው ከጣና ምሥራቅ። እናቴ በመሠረተ ትምህርት ተፈትና ከአስር ሰባት ያገኘች ሴት ናት፤ ውጤት ታውቃለች። «ከአስር አምስት ከሆነ ግማሹ ገና ነው» አለች። ልስቅ ብዬ ፊቷን ሳይ ተውሁት።

ለዓርብ የእህል መኪና አግኝታለች። እኔ የምፈራው መንገዱን ነው። አዋላጇ በዚህ ሆድሽ መኪና ላይ እንዳትወጪ ብላኛለች። ለእናቴ አልነገርኋትም። ቤትሽን ጠላሁት ያልኋት ይመስላታል። ፈሪ ነኝ።

ሐሙስ

ጎረቤታችን መምህር ኑሩ ጂኦግራፊ ያስተምራል። ባሌ ለመነውና መጣ። ሙቀጫችንን አስወጥቶ በዘነዘና መታ። እናቴን መጀመሪያ አጠገቡ፣ ቀጥሎ አጥሩ ሥር አቁሞ በእኩል ኃይል እየመታ ምን ተሰማዎት አላት። አጠገቡ እግሯን ነዝሯታል፣ አጥሩ ሥር እምብዛም። ቁጥሩ የምቱ ኃይል ነው፣ ከስንት የሚባል የለውም አለ። ጥልቀት ደግሞ ምቱ ከመሬት በታች የቱ ጋ እንደሆነ ነው፤ ወደ ላይ ሲቀርብ ከአናቱ ላለው ሰው ይከፋል።

መንቀጥቀጡ ይመለሳል ወይ አለችው። ትናንሾች ሊከተሉ ይችላሉ፣ ቀኑን ግን አላውቅም አላት። አላውቅም የሚል አስተማሪ ወደደች።

«እንፍራንዝስ?» አለች።

«እማማ፣ ከእኛ ይልቅ ለምቱ የቀረበው እሱ ነው።»

ከዚያ በኋላ ምሳ እንኳ አልበላችም።

ዓርብ

ሾፌሩ ከእንፍራንዝ ወሬ ይዞ መጣ። አባቴ ደኅና ነው፤ ተመስገን። ለእኔ አራስ ቤት ብላ በእጇ የለሰነችው ክፍል ግን አንድ ጎኑ ወድቋል። እናቴ ደጃፋችን ላይ ቁጭ ብላ አለቀሰች። ያን ጊዜ የአዋላጇን ነገር አወጣሁት።

«ታዲያ ምነው እስካሁን?»

«ቤትሽን የናቅሁት እንዳይመስልሽ ብዬ።»

አፍንጫዋን በነጠላዋ ጫፍ ጠረገች። «እኔ ካለሁበት ሌላ የእናትሽ ቤት የት ኖሯል?» አለችኝ።

ሾፌሩን መርቃ ሸኘችው፤ ለአባቴም መልእክት ላከች። አልጋዬን ከተሰነጠቀው ግድግዳ አርቃ በሩ አጠገብ አደረገችው። እኔም እንደ ልጅነቴ ጭኗ ላይ ተኛሁ። ፍርሃቱ አልለቀቀኝም፣ ግን ቀለለኝ።

እጇ ሆዴ ላይ ነበር። አንድ ነገር ነቅነቅ ሲል ደነገጠች።

«ምድሪቱ ናት?»

«ልጁ ነው፣ እማዬ።»

እጇን አላነሳችም።