ቀይ ቀለም ያልነካው ወረቀት

ግንቦት ፬ ቀን ፲፱፻፵፰
ቀኑን ሙሉ ደብዳቤ ስገለብጥ ዋልኩ። ማምሻውን አለቃችን ጸሐፊዎቹን ሰበሰቡን። ከመስከረም ጀምሮ ፈረንጁ የመንገድ መሐንዲስ እኛ ጋ ይቀመጣል። በእንግሊዝኛ መጻፍ ተፈትኖ ያለፈ ጎንደር ይቀራል፤ የወደቀ አዲ አርቃይ ይወርዳል።
አዲ አርቃይ… ንዳዱ። ባለቤቴ ይመኙሽ ደረቷን ያማታል፤ እዚያ አትኖርም። ልጃችን አምሳልም ትምህርት ጀምራለች። በአርባ ሦስት ዓመቴ ፈተና!

ግንቦት ፮
ወዳጄ ዳኛው ቤት ሄድኩ። የመሥሪያ ቤታችን አስተርጓሚ ነው፤ የቅኔ ቤት ጓደኛዬም። አንድ ጎጆ አድረን፣ በአንድ አኩፋዳ ለምነን የበላን።
"አያ ሐብተ፣ ቅኔ የቆጠረ ሰው እንግሊዝኛ ምኑ ይከብደዋል!" አለ።
በየሳምንቱ ድርሰት ልጽፍ፣ እሱ ሊያርም ተስማማን።

ግንቦት ፲፭
የመጀመሪያው ድርሰቴ ተመለሰ። ስለ ላም ነው። ግርጌው ላይ "በጣም ጥሩ" ይላል። ሌላ ምልክት የለበትም። ይመኙሽ ማንበብ አትችልም፤ ግን አሳየኋት።
"ምነው እንዲህ ፈካህ? ሹመት አገኘህ?"

ሰኔ ፳፩
አሁንም "በጣም ጥሩ"።
የሻውን ከዳኛው ቤት ሲወጣ አገኘሁት። የዳኛው ሚስት ወንድም ነው፤ መዝገብ ቤት ይሠራል። እሱም ይፈተናል። ወረቀቱ በቀይ ቀለም ተጨማልቋል፤ በግ የታረደበት ይመስላል።
"ኧረ ገደለኝ አያ ሐብተ! ደጋግሞ አስጻፈኝ።"
አዘንኩለት። ለካ እኔ ጎበዝ ነኝ…

ሐምሌ ፲፪
ቅኔ ቤት ትዝ አለኝ። የኔታ ቅኔያችን ከተበላሸ ሰው ሁሉ እየሰማ አፍርሰው፣ "ሂድ፣ እንደገና ቁጠር!" ብለው ወደ ዱር ይመልሱን ነበር። ዝም የሚሉት ተስፋ የቆረጡበትን ተማሪ ብቻ ነው። ዳኛውም ያውቃል።
ይህን ለምን ጻፍኩ?

ነሐሴ ፳
የሻው አለፈ። እኔ ወደቅሁ።
ሊፈትነን የመጣው ፈረንጅ ወረቀቴን ወደ እኔ ገፍቶ አንድ ነገር ጠየቀ። "ማን ነው ያስተማረህ ይልሃል" አለኝ ዳኛው። መልሴን ሳይጠብቅ ራሱ መለሰለት። ምን እንዳለው አልገባኝም።

ነሐሴ ፳፩
ቤቱ ሄድኩ።
"ምነው ዳኛው? ምነው አንዲት ስሕተት እንኳ አትነግረኝም?"
"ደስ ብሎህ ስትመጣ እንዴት ላስከፋህ?"
"የሻውንስ?"
"እሱ ልጅ ነው፤ ይችለዋል።"
"ጎንደር የሚቀረው አንድ ሰው ብቻ ነው አሉ። ለእኛ አልተነገረንም። አንተ ታውቅ ነበር?"
ምሳ ቀርቦ ነበር፤ እጁን ታጠበ።
"ወንድሟ ነው። ሚስቴ ምን ትበለኝ?" አለ። ቀጠለና፣ "ና ብላ።"
ና ብላ! ወጣሁ።

መስከረም ፳፪ ቀን ፲፱፻፵፱
አዲ አርቃይ። ብቻዬን ወረድኩ። ይመኙሽና አምሳል ጎንደር ቀሩ። አምሳል ስሳፈር አላለቀሰችም፤ "መቼ ትመጣለህ?" ብቻ አለች። ምን ልበላት?

ጥቅምት ፭
እዚህ ወልደኢየሱስ የሚባል የትምህርት ቤት መምህር አለ። ገና ወጣት ነው። እንግሊዝኛዬን እንዲያርምልኝ ጠየቅሁት። ወረቀቴን ዛሬ መለሰልኝ፤ ነጭ ቦታ አልቀረውም።
"ይቆጡኛል ብዬ ፈርቼ ነበር" አለ። "ከመጀመሪያው ብንጀምር ይሻላል።"
ተቆጣሁ።

ጥቅምት ፮
ተመልሼ ሄድኩ።

ሚያዝያ ፱
የፈረንጁ ማኪና መጣ፤ መንገዱን ሊያይ ነው። ዳኛው ከኋላ ወረደ።
"አያ ሐብተ! ከሳህ እኮ!" ብሎ ሳመኝ። ተሳምኩ። ምን ላድርግ?
ፈረንጁ ማን እንደሆንኩ ጠየቀው።
"ጸሐፊ ነው። ላስተምረው ብዙ ደክሜ ነበር፤ ጭንቅላቱ አልቀበል አለ" አለው በእንግሊዝኛ፣ እጁን ትከሻዬ ላይ እንደጫነ።
ሁሉም ገባኝ። አንድ ቃል አልቀረኝም።
ወደ ፈረንጁ ዞርኩና በእንግሊዝኛ፣ "ደግ አስተማሪ ነበር። አንድም ቀን ስሕተቴን አልነገረኝም" አልኩት።
ፈረንጁ ሳቀ። ቀልድ መስሎት ይሆናል። ዳኛው እጁን ከትከሻዬ አነሣ።
ሄዱ። ያልኩትን ወረቀት ላይ አሰፈርኩት… ነገ መምህሩ ይየው። ስሕተት አይጠፋውም።