በማኅደር የከረመው ሌንስ

ነሐሴ 24 ቀን 1975

ዛሬም ጭጋግ። ከስቱዲዮው በር ሆኜ ሊማሊሞ ይቅርና ማዶ ያለው ሻይ ቤት አይታየኝም። ደንበኛ የለም። ሥራ ስፈታ የአባባን ሌንስ ከማኅደሩ አወጣሁት። ማኅደሩ የአያቴ የመሪጌታ ወልደ ሩፋኤል ነው፤ ዳዊታቸውን ይይዙበት የነበረ የቆዳ ማንገቻ። አባባ ካሜራ ሲገዛ "ክቡር ነገር በማኅደር ነው የሚቀመጥ" ብለው ሰጡት። ይኸው ሌንሱ ክረምቱን ሙሉ ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ ከረመ። ማስቀደስ ብቻ ነው የቀረው።

ከኋላው ባትሪ አብርቼ በፊቱ አየሁ። ውስጡ ነጭ ክር... እንደ ሸረሪት ድር።

"አባባ፣ ሌንስህ ጢም አብቅሏል።"

"አልጣሽ፣ አንቺ መቼ ነው ቁም ነገር የምታወሪው?"

ቀና ብሎም አላየኝ።

ጳጉሜ 2

ጎንደር ለፎቶ ወረቀት ተልኬ፣ አባባን ሙያ ያስተማሩትን አቶ ተክለ ማርያምን ጠየቅኋቸው። "ሻጋታ ነው። ቆዳ እርጥበት ይይዛል፤ ሌንስ በቆዳ አይከርምም። ነፋስ የሚያገኘው ቦታ አስቀምጡት፣ ፀሐይ አሙቁት። ውስጥ የገባው ሳይፈታ አይጠረግም። እስኪፈታ ድረስ ፀሐይን ከጀርባችሁ አድርጋችሁ አንሱ። ፊት ለፊት ከመጣች ሁሉን ጭጋግ ታደርገዋለች።"

ማታ ለአባባ ነገርኩት። ሳይመልስ አያቴ ቀደሙት። "ዳዊቴ አርባ ዓመት ሲኖርበት መቼ ሻገተ?"

"ዳዊቱን በየቀኑ ይገልጡታላ አባ፣ አየር ያገኛል።" እዚህ ላይ ባቆም ምን ነበረበት? "ደግሞስ ሌንሱ መች ይደግማል?"

ተሳቀ። ነገሩም በሳቅ አለቀ።

መስከረም 2

የአብዮት በዓል። የቀበሌው ሊቀመንበር ጓድ ሰጠኝ መድረክ ላይ አንድ ሰዓት ሙሉ ተናገረ። የጠዋት ፀሐይ ከጀርባው። አባባ ከፊቱ ቆሞ ያነሳል። እጁን ልይዘው አሰብኩ... ሰው መሀል? ተውኩት።

መስከረም 6

ፊልሙ ታጠበ። ፀሐይ ፊቱን የመታው ሕዝብ ጥርት ብሎ ወጥቷል። የጓድ ሰጠኝ ፊት ግን ነጭ ጭስ ነው። ኮፍያ አለ፣ ፊት የለም። ሳቄ መጣ። አባባን ሳየው ሄደ።

መስከረም 7

የቀበሌ ጠባቂዎች አባባን ወሰዱት። ካሜራውንም።

"ሕዝቡ ጠርቶ እኔ ብቻ የጠፋሁት ሆን ተብሎ ነው" ብሏል ሊቀመንበሩ ፎቶውን ሲያይ። ነገ ወደ ጎንደር ይላካል። አምና ከዳባት ወደ ጎንደር የተላኩት መምህር...

ጥፋቱ የእኔ ነው። ቀልደኛ ባልሆን ያምነኝ ነበር።

መስከረም 8

በማለዳ ከአያቴ ጋር ቀበሌ ሄድን። አባባ ጥግ ቆሟል፣ ያለ ጫማ። ካሜራው ጠረጴዛ ላይ ነው።

"ልጄ የምትናገረው አለ" አሉ አያቴ።

"ይቺ ቀልደኛዋ?" አለ ጓድ ሰጠኝ።

"ጓድ ሊቀመንበር፣ ጠባቂውን ፀሐይ የገባችበት መስኮት ፊት ያቁሙልኝ። ጀርባውን ለመስኮቱ ይስጥ። ከዚያ በካሜራው ይዩት።"

ጓድ ሰጠኝ ካሜራውን አነሳ። "ፊቱ የታለ?"

"አሁን ወደ መስኮቱ ይዙር፤ እርስዎ መስኮቱ ጋ ሆነው ይዩት።"

አየ። አወረደው። ደግሞ አየ። "ወጣ።"

"ሌንሱ ሻግቷል። ፀሐይን ፊት ለፊት አይችልም።"

"ማን አሻገተው?"

አባባ አንገቱን ደፋ። የአባቱን ስም እንደማይጠራ አወቅሁ። አያቴ ግን በትራቸውን መሬት መቱ። "እኔ ነኝ። በማኅደሬ ያስከረምኩት እኔ ነኝ፣ እያከበርኩት መስሎኝ።"

ጓድ ሰጠኝ አያቴን አየ፣ ባዶ እግሩን የቆመውን አባባን አየ። "ታዲያ ፀሐይዋን ልሰር?" አለ።

ቀልድ ይሁን ቁጣ አልገባኝም። "ጠባቂ ያስፈልጋታል" የሚል ምላሴ ጫፍ ደረሰ። ምላሴን ነከስኩ። እስኪደማ።

"ጫማውን ስጡት" አለ።

መስከረም 12

ጓድ ሰጠኝ ፊቱን ለፀሐይ ሰጥቶ እንደገና ፎቶ ተነሳ። እየጨፈነ አስቸገረ፤ ሰባት ጊዜ አነሳነው። በሰባተኛው ዓይን አለው።

አያቴ ዳዊታቸውን ወደ ማኅደሩ መለሱ። ሌንሱ መስኮቱ ላይ ፀሐይ ይሞቃል። ዛሬ ጠዋት አባባ ሌንሱንና ባትሪውን አምጥቶ ሰጠኝ።

"እስቲ እይልኝ። ጢሙ ጨምሯል?"

አልሳቀም። እኔም አልሳቅኩም።

"ከዳር በኩል ትንሽ" አልኩት።

ሌንሱን በነጠላው ጠቅልሎ ወጣ። አቶ ተክለ ማርያም እንዲፈቱት፣ የጎንደሩን አውቶቡስ ሊይዝ።