እማዬ ያላመነችው ራጅ

ኅዳር 9፣ ጠዋት

ዛሬም አልተነሳችም። ገንፎዋን በላች፣ ጋቢዋን ተከናነበች፣ ፊቷን ወደ ግድግዳ። በሐምሌ ጭቃ አዳልጧት ዳሌዋ ከተሰበረ አራት ወር። ባለፈው ሳምንት ፍኖተ ሰላም ሆስፒታል ወስጄ ራጅ አስነሳኋት። ሐኪሙ አጥንቱ ገጥሟል፣ መራመድ አለባት አለ። እሷ ፊልሙን በመስኮቱ ብርሃን አገላብጣ፣ ይህ የማን አጥንት እንደሆነ በምን አውቃለሁ፣ እኔ የታለሁ? አለችኝ። ማስታወሻዬ፣ ምን ልበላት?

ኅዳር 11

ቡሬ፣ ፎቶ ቤቴ። ቀኑን ሙሉ ጉርድ ፎቶ። ሐሳቤ ግን እማዬ ዘንድ። ራሷን የምታይበት ራጅ በፎቶ ብሠራላትስ? ጥቁር ልብስ አልብሼ አጋድሜ፣ አከርካሪውን በተፈለፈለ የበቆሎ ቆረቆንዳ፣ ጎድኑን በገለባ፣ ሁሉንም ከገዛ አዝመራዋ። የባ/ዳር ጓደኛዬም ለዐውደ ርእይ ሥራ ላኪ ብላኛለች። ለእማዬ ነው ወይስ ለዐውደ ርእዩ? እኔም አላወቅሁ።

ኅዳር 14፣ ከሰዓት

በተራ ልጻፍ።

እማዬን ደግፌ አውጥቼ ግቢው ውስጥ አጋደምኳት። ቀጥ ብላ፣ እጇ ወደ ጎን፣ ዓይኗ ጭፍን፣ ፊቷ ላይ ዱቄት። አትነቃነቂ አልኳት። ካሜራው ቆሞ በየአምስት ሴኮንዱ በራሱ ያነሳል። ቆረቆንዳውን ስደረድር አክስቴ አትጠገብ በአጥሩ አጮለቀች። የእማዬ ታናሽ ናት፤ አጥር ለአጥር እየኖሩ በማሳ ድንበር ተጣልተው ስድስት ዓመት ቃል አልተለዋወጡም። የተገነዘ ሬሳ ነው የታያት። ጩኸቷ! አጥሩን ጥሳ፣ ደረቷን እየደቃች መጥታ እማዬ ላይ ተደፋች።

«እታለም! ድንበሩን ግፊው! ሁሉንም ውሰጂው! ብቻ ተነሽ!»

እማዬ ዓይኗን እንኳ አልገለጠችም። እኔም ካሜራውን አላጠፋሁም። ጎረቤቱ እየጮኸ ግቢውን ሲሞላው ዱቄቱ እማዬን አስነጠሳት።

አክስቴ መጀመሪያ ደነገጠች፣ ከዚያ ነደደች። በቁሜ አላገጣችሁብኝ ብላ ዱቄቱን ከነጠላዋ ሳታራግፍ ሄደች።

ኅዳር 15

ፎቶዎቹን አየሁ። አንዱ ላይ አክስቴ የእማዬን አንገት አቅፋለች፣ ቆረቆንዳው ተበታትኗል፣ ራጅ የሚመስል ነገር የለውም። ከዚህ የተሻለ አንስቼ አላውቅም። ደስ አለኝ። አፈርኩ። ምን ዓይነት ሰው ነኝ?

እማዬን ለምን ዝም አልሽ አልኳት። አትነቃነቂ አላልሽኝም? አለች። ደግሞም፣ እስከ መጨረሻው ልስማት ብዬ ነው አለችና አለቀሰች። ፎቶውን አሳየኋት። ብዙ አየችው። የታለሁ ብላ አልጠየቀችም።

ኅዳር 16፣ ጠዋት 3 ሰዓት

ለዐውደ ርእዩ ልላከው? አክስቴን ሳላስፈቅድ? ደግሞ ሥራዬ ነው። ደግሞ ለቅሶዋ ነው። ዞረብኝ።

እማዬ ከዘራ አምጪ አለች። ወዴት? አትጠገብ ዘንድ። ፎቶውንም ስታጥቢው ስጪኝ፣ እኔው አደርስላታለሁ። ዳሌሽስ? አልኳት።

«ተነሽ አላለችኝም?»

በቃ፣ አልልከውም። አክስቴ አይታ ትፍረድ። እማዬ ግድግዳውን ይዛ ቆማለች። አንድ እርምጃ። ሁለት። እጄ ወደ ካሜራው ሄዶ ነበር፤ መለስኩት። ከበሩ እየጠራችኝ ነው። መጣሁ፣ እማ…