በአንድ ወገን ብቻ የሚዞረው ቀለበት

ይድረስ ለምወድሽ ልጄ ለራኬብ፣

የዱባይ ሙቀት እንዴት ይዞሻል? እኔና እናትሽ ከነኮልፌ ጭቃችን ደህና ነን፤ እግዚአብሔር ይመስገን።

የላክሽልኝ ጠላቂ ዋናተኞች የሚያስሩት ሰዓት ደረሰኝ። እጅሽ ይባረክ! ሠላሳ ዓመት ሰዓት ስጠግን እንዲህ ያለ ገጥሞኝ አያውቅም። የተሠራበት ሴራሚክ እንደ ሲኒ ለስላሳ ነው፤ በጥፍሬ ብፈልግ አንዲት ጭረት አጣሁበት። ጥቁረቱ ያንጸባርቃል አለችኝ እናትሽ። ጠላቂው ውሃ ውስጥ የቆየበትን ደቂቃ የሚለካበት፣ በመስታወቱ ዙሪያ ያለው ቀለበት በአንድ ወገን ብቻ ይዞራል፤ ስድሳ ጊዜ ቀጭ ሲል ቆጠርኩ። ውሃ ውስጥ ድንገት ቢነካ እንኳ ለጠላቂው የቀረውን ጊዜ ያሳንስበታል እንጂ አይጨምርለትም፤ ሰውየው አየሩ ሳያልቅ ይወጣል። ይህን ያሰበ ሰው አእምሮው ይባረክ።

ደንበኞች "ጋሽ ደግፌ፣ ይሸጣል?" ይሉኛል። ልጄ ናት የላከችልኝ እላለሁ፤ ላልጠየቀኝም።

ልማዴ ሰዓት እጄ ሲገባ ጀርባውን መክፈት ነው፤ ይህን ግን አልነካሁትም። ውሃ እንዳይገባው የታሸገ ነገር ምን ያስከፍታል? ለጥገና የሚመጡልኝን ትንንሽ የሴት ሰዓቶችም ለጎረቤቴ ለሰዓት ጠጋኙ ለሰይፈዲን እያሳለፍኩለት ነው፤ እሱም ልጆች አሉት። ፊደሌ ከመስመር ከወጣ አትፍረጂብኝ፤ ዘንድሮ የደብተር መስመር አደብዝዘው ነው የሚያትሙት።

በወጣሽ በገባሽበት አምላክ አይለይሽ። ለጥምቀት ስትመጪ ሰዓቴን አስሬ አስራ ስምንት ማዞሪያ ፌርማታው ላይ እጠብቅሻለሁ። ታዲያ እንደ ድሮው ከሩቅ እጅሽን አታውለብልቢልኝ፤ "አባዬ" ብለሽ ጥሪኝ።

አባትሽ ደግፌ