ወደ ጅራት ያስገፋኸው ባትሪ

ለወንድሜ ለወንደሰን፣

ጤናህ እንዴት ከርሟል? ወገብህን ያምህ የነበረው ተሻለህ ወይ? ሱቁስ እንዴት ነው? ባለቤትህ በለጥሽ፣ ልጅህ ሰሊሆም፣ ሁሉም ደህና ናቸው ወይ? ደቡብ አፍሪካ ብርድ ነው ሲሉ ሰምቼ አስቤያችሁ ነበር። እኛ እግዚአብሔር ይመስገን በአካል ደህና ነን። ዝናቡም ዘንድሮ አልከፋም። ከዚህ ቀጥሎ ያለው ግን ደህና አይደለም።

ድሮ ደብዳቤ የሚጽፍልኝ ልጄ ደግነት ነበር። ተቆጥቼ የተናገርኩትን እያለዘበ ይልክልህ እንደነበር ያወቅሁት፣ በስተርጅና ፊደል ቆጥሬ ራሴ ማንበብ ስጀምር ነው። ይህን የጻፍኩት በገዛ እጄ ነው፤ ማንም አላለዘበውም።

የላክህለትን በሪሞት የሚበር ትንሽ አውሮፕላን ደግነት ሲያበጀው ከርሟል። ክንፉን ከሥር በሁለት ጣቶቹ ደግፎ ያነሳውና አፍንጫው ትንሽ ዘንበል ሲል «አሁን ተስማማ» ይላል። ባትሪው ወደ ፊት ሲጠጋ ጭምት ይሆናል፣ መገለባበጥ ግን ይለግማል፤ ወደ ኋላ ሲገፋ እንደ ግልገል ይቦርቃል፣ እጅ ከዘገየ ግን አይመለስም ብሎ አስረድቶኛል። እሱ መካከለኛውን መረጠ። ሜዳችን ድንጋያማ ስለሆነ እግሩንም በሽቦ አጠነከረው። ክብደት ጨመረ፤ ቢሆንም ወድቆ ይነሳ ነበር።

አንተ ግን በስልክ «ይሄ አውሮፕላን ነው ወይስ የሙዝ ጋሪ?» ብለህ ሳቅህበት። ሽቦውን አውጣ፣ ባትሪውን ወደ ጅራት ግፋ፣ የጅራቱም መታጠፊያ እስከ መጨረሻው ይታጠፍ አልከው። «አጎቴ፣ እዚህ ከሰዓት በኋላ የሐይቁ ነፋስ ይበረታል» ቢልህ «እኔ ነኝ የማስተምርህ ወይስ አንተ?» አልከው። በእኛ ቤት የእናት ወንድም ቃል እንደማይመለስ ታውቃለህ። ያን ተማምነህ አዘዝከው፤ እሱም ልቡ እየፈራ ታዘዘ። ከጨንቻ ቁልቁል እንጨት ስሸከም ከኋላዬ ትመጣ አልነበረም? ሸክም ወደ ኋላ ሲንሸራተት ሰውን ምን እንደሚያደርግ አይተሃል።

በመስቀል ሰሞን ለወላጆች ሊያሳይ ወጣ። ወላጆች ከወደዱት፣ የወጣቶች ማዕከሉ ልጆች የሚያስተምርበት ክፍል ሊሰጠው ቃል ገብቶ ነበር። መጀመሪያ ተገለባበጠ፤ ሰው አጨበጨበ። ከዚያ ነፋሱ ሲመታው አፍንጫውን ሰቅሎ ቆመ። ሊመልሰው ሪሞቱን ነካ ቢያደርግ ከልክ በላይ ተጠማዞ ኩልፎ ወንዝ ዳር፣ ከኤርጫፎ የሙዝ እርሻ ውስጥ ተከሰከሰ። ኤርጫፎ «ሙዝ ለመቁረጥ ማጭድ አለኝ፤ አውሮፕላን ማን ለመነ?» አለ። ልጄ እዚሁ ሲቀላ ሰፈር ባጃጅ ሲይዝ ሾፌሮቹ «ካፒቴን ሙዝ፣ ግባ» ይሉታል። ይህን ሁሉ ችሎት ነበር።

ያልቻለው ያንተን ነው። ዘመድ ቤት ሙሉ ተቀምጦ፣ ስልኩ ለሁሉም እየተሰማ «አውሮፕላኑ ምንም አልነበረበትም፤ እጁ ነው የማይረባ» አልክ። ልጄ አንገቱን ደፍቶ «እሺ፣ አጎቴ» ብቻ አለ። ወሬው ማዕከሉ ደረሰ፤ እጁ ለማይረባ ሰው ልጅ አንሰጥም ብለው ክፍሉን ከለከሉት። ይኸው ስብርባሪውን በማዳበሪያ ከረጢት ቋጥሮ አልጋ ሥር ከቶታል።

ሲሳካ ያንተ ምክር፣ ሲሰበር የሱ እጅ ነው? ከሩቅ ሆኖ ማዘዝ እንዴት ይቀላል። ነፋሱ አንተን አይነካህም፤ ሙዙ ውስጥ ገብቶ ስብርባሪ የሚለቅመውም አንተ አይደለህም።

ሌላ አውሮፕላን እንዳትልክ። ደብዳቤው እስኪደርስህ ብዬ፣ ከኅዳር ሚካኤል ቀጥሎ ባለው እሑድ ዘመዶቻችንን እሰበስባለሁ፤ የማዕከሉንም ኃላፊ እጠራለሁ። ደውልና እንደዚያን ቀኑ ሁሉም እየሰማ «ባትሪውን ወደ ጅራት ያስገፋሁት እኔ ነኝ፤ የልጁ እጅ ደህና ነው» በል። ሌላ ወሬ አልፈልግም።

በለጥሽን ሳምልኝ፤ ያን ሁሉ ትዕግሥት ከየት እንዳመጣችው እግዜር ይወቅ። ሰሊሆምን ጉንጯን ሳምልኝ። ጎረቤታችን እማማ ውብአየሁ ሰላም ብለውሃል። ደግነትም እየጻፍኩልህ መሆኑን ሳያውቅ «አጎቴን ስታገኚው ሰላም በዪልኝ» ብሏል። የእሱን ሰላምታ ተቀበል። የእኔ ከደወልክ በኋላ ይደርስሃል።

እህትህ ፀዳለ
አርባ ምንጭ፣ ሲቀላ
ጥቅምት 12 ቀን 2017 ዓ.ም.